ስለ ተቀበረ ብር ፍለጋ

ሰው ሁሉ ተስፋ አለው። ተስፋ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የገበሬ ተስፋ ነው፤ ይኸውም ዘሩን ከጐተራ አውጥቶ በገዛ እጁ በትኖ ዝናሙን የሚጠብቅ ሰው ተስፋ ነው። ሁለተኛው የቁማርተኛ ተስፋ ነው፤ ይኸውም ምንም ሳይዘራ ሌላው የዘራውን ለማጨድ የሚመኝ ሰው ተስፋ ነው። የመጀመሪያው ዝናም ቢቀርበትም እንኳ ሰውየው ገበሬነቱን አያጣም፤ ለከርሞ ይዘራል። ሁለተኛው ግን የተመኘውን ቢያገኝም ባያገኝም ሰውየውን ያበላሸዋል። አባቶቻችን ይህን ሁለተኛውን ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተትዋንም አላይ» ብለው ባጭሩ ጨርሰውታል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምኖርበት በቦርደዴ፣ ከዚህም እስከ አሰቦትና እስከ ሚኤሶ፣ አልፎም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ይባል እስከ ነበረው እስከ ጭሮ ድረስ ሲስፋፋ ያየሁት ልማድ ነው። ወጣቶቻችን በዕረፍት ቀን፣ አንዳንዶቹም በትምህርትና በሥራ ቀን፣ ድጅኖና ዶማ ይዘው፣ ውሃ በጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ተራራው ይወጣሉ። «ወዴት ነው?» ሲባሉ «ለእግር ጉዞ» ይላሉ። ለእግር ጉዞ የሚወጣ ሰው ግን ዱላ ይይዛል እንጂ ድጅኖ አይዝም። የሚፈልጉት ተቀብሮ ቀረ የተባለውን ጠገራ ብር ነው።

እኔ ይህን ፍለጋ እቃወማለሁ። የምቃወመውም በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሚፈለገው ብር በዚያ የለም። ሁለተኛ፣ ፍለጋው ካለን ሀብት ያጠፋብናል። ሦስተኛ፣ ከዚህ ፍለጋ የሚያተርፈው ሰው ድጅኖውን የያዘው ሰው አይደለም። አንባቢ ሆይ፤ እነዚህን በየተራ እንመልከት።

ተረቱ በአፍ የሚዞር ስለ ሆነ መልኩን ይለዋውጣል፤ ጠቅለል ቢደረግ ግን ከሦስት አይበልጥም። አንደኛው ስለ ሐርላ የሚነገረው ነው። ሐርላ የሚባሉት የጥንት ሰዎች በዚህ አገር ከተማ ሠርተው፣ ነግደውና ከብረው ይኖሩ ነበር፤ ቁመታቸውም ከሰው ልክ ያለፈ ነበር፤ ሲጠፉም ሀብታቸውን በድንጋይ ክምር ሥር ቀብረው ጠፉ ይባላል። ሁለተኛው ስለ ሲራራ ነጋዴ የሚነገረው ነው። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከዘይላና ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄደው ጭነት አንዱ በጨርጨር ደጋ፣ አንዱም በዚህ በቆላው ያልፍ ነበርና፣ ነጋዴው ሽፍታ ሲመጣበት ብሩን ቀብሮ ሸሸ፤ ከዚያም ሳይመለስ ሞተ ይባላል። ሦስተኛው ስለ ጣልያን የሚነገረው ነው። በ1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ተሸንፎ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ የካዝናውን ብር በሣጥን አድርጎ በዚህ በረሃ ቀበረው ይባላል።

በሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ውሸት ብቻውን ሩቅ አይሄድም፤ ሩቅ የሚሄደው እውነትን ተደግፎ ነው። ሐርላ የሚባል ሕዝብ በእርግጥ ነበረ። ሲራራ ነጋዴም በእርግጥ በዚህ አልፏል። የጣልያን ጦርም በእርግጥ በዚህ ሸሽቷል። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ብሩ ከሰፈራችን በላይ ካለው ጉብታ ሥር ነው» ማለት ግን የአእምሮ ፍርድ አይደለም፤ የሆድ ፍርድ ነው።

የብዙ ዓመት የሒሳብ አስተማሪ ነኝና እስቲ በሒሳብ ልናገር። ማርትሬዛ የምንለው ጠገራ ብር አንዱ 28 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከጥቂት ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። እንግዲህ 1 ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ብርቱ ሰው ተሸክሞ ረጅም መንገድ የማይዘልቅበት ሸክም ነው። አንዲት ግመል 200 ኪሎ ትሸከማለች ብንል የአንዲት ግመል ጭነት 7 ሺህ ጠገራ ያህል ነው። ተረቱ ደግሞ በአንዲት ግመል አይረካም። አንዱ «ሰባት ግመል ሙሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «አርባ ግመል» ይላል። በሰባቱ እንኳ ብንስማማ 49 ሺህ ጠገራ፣ በሚዛን ወደ 1 ሺህ 400 ኪሎ የሚጠጋ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጭነት አውርዶ፣ ጕድጓድ ቆፍሮ፣ አፈር አልብሶ፣ ዱካውን አጥፍቶ ለመሸሽ ጊዜ ያገኘ ነጋዴ፣ ከነጭነቱ ለመሸሽም ጊዜ ባላጣ ነበር።

ደግሞስ ይህን ሥራ ነጋዴው ብቻውን ሠራውን? ግመል ነጂው፣ ዘበኛው፣ አሽከሩ፣ መንገድ መሪው የት ሄዱ? ሃያ ሰው ያወቀውን ምሥጢር ምድር ይዛው አትቀርም። ነጋዴው ቢሞት ግመል ነጂው ተመልሶ ያወጣዋል፤ ግመል ነጂውም ቢሞት ለልጁ ነግሮት ይሞታል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተቀበረ ብር ቢኖር ኖሮ፣ ገና ያን ጊዜ የወጣ ብር በሆነ ነበር።

የገንዘብን ክብደት የተሸከመውን ሰው መጠየቅ ይሻላል። አርቱር ሬምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ግጥም መጻፉን ትቶ በሐረር ይነግድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ ከእንጦጦ ወደ ሐረር የተመለሰው በዚሁ በኢቱና በጨርጨር አገር በኩል ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ከካይሮ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ በወገቡ ታጥቆ የሚዞረው ወርቅ 8 ኪሎ ያህል እንደሚመዝንና ሆዱን እንዳሳመመው ይነግራቸዋል። ይህ ወርቅ መሆኑን አስቡ። ያው ዋጋ በጠገራ ቢሆን ኖሮ ወገብ ሳይሆን በቅሎ ባስፈለገው ነበር።

ስለ ጣልያንም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ሐረር መጋቢት 17 ቀን፣ አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጣልያን እጅ ወጡ። በመካከሉ ያለው 11 ቀን ነው። የሸሸው ጦር ጊዜ አግኝቶ የሠራው ሥራ የአዋሽን ድልድይ ማፍረስ ነው። ድልድይ እስኪያፈርስ ድረስ መኪናም ባቡርም ነበረው። መኪናና ባቡር ያለው ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ያሳልፋል እንጂ መንገድ ዳር አይቀብርም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጠገራ የት ገባ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ የሞተችው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1780 ነው። ከሞተች በኋላ መልክዋን የያዘው ብር ሲመታ ኖረ፤ ያ የ1780 ቍጥር ግን አልተለወጠም። በቪየና ተመታ፤ ሙሶሊኒም በ1927 ዓ.ም. መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ አስመታው፤ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስ፣ በቦምቤይ ተመታ። ቁጥሩም በመቶ ሚሊዮኖች የሚገመት ነው። የቪየናው ማተሚያ ዛሬም ይመታዋል። እንግዲህ ልጆቼ፤ አንድ ሰው ከኪሱ ጠገራ አውጥቶ «ይኸው 1780 ይላል፤ ከተራራው ያወጣሁት የጥንት ብር ነው» ቢላችሁ ቍጥሩ የሚመሰክረው ስለ ንግሥቲቱ ሞት እንጂ ስለ ብሩ ዕድሜ አይደለም። ትናንት የተመታውም ያንኑ ቍጥር ይዟል።

ይህ ጠገራ በአገራችን ገበያ ሲሠራ ኖሮ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ከሕጋዊ መገበያያነት እየወጣ ሄደ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙው በጨርቅ፣ በጠመንጃና በሌላም ዕቃ ዋጋ ወደ ባሕር ማዶ ተመልሷል። የቀረውን ደግሞ አንጥረኛ አቅልጦ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦና መስቀል ሠራበት። በሐረርጌ የገበያ ቀን የባላገር ሴቶችን አንገት ያየ ሰው ጠገራው የት እንደ ገባ አይጠይቅም። ብሩ አልጠፋም። ሲጠፋ ያልታየው ተሠርቶበት መልኩ ስለ ተለወጠ ነው።

ይህን የምለው ከአንድ ነገር ጋር ለማያያዝ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ በሒሳብ ሳይቀር ጐበዝ የነበረ ልጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቱን ድሪ ሸጠ። ድሪው ስምንት ጠገራ በቀለበት የተያያዘበት፣ ከአያትዋ የወረሰችው ነበር፤ የንግሥቲቱ መልክ ከአንገት ላብ የተነሣ አልቆ ነበር። ልጁ በዚያ ገንዘብ ብረት የሚያሸት መሣሪያ፣ እነርሱ ዲቴክተር የሚሉትን፣ ለዐሥር ቀን ተከራየ። መሣሪያውም በየቦታው ጮኸ፤ ልጁም በጮኸበት ሁሉ ቆፈረ። ያገኘው የጥይት ቀለህ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ አንድ የባቡር ሐዲድ ችንካርና የፈረስ ልጓም ቁራጭ ነው። እናቱን ላጽናና በሄድሁ ጊዜ የነገረችኝ ይህ ነው፦ «ጋሼ፤ ልጄ ብር ፍለጋ ወጥቶ ብሬን አጥፍቶ ገባ።» እኔ በሠላሳ ዓመት ማስተማሬ ከዚህ የበለጠ አጭርና ሙሉ ፍርድ ከማንም አልሰማሁም። ጠገራው በቤቱ ነበር፤ በእናቱ አንገት ላይ ነበር፤ ያንን ሽጦ ያንኑ ሊፈልግ ወደ ተራራ ወጣ።

ሁለተኛው ጥፋት በምድራችን ቅርስ ላይ የሚደርሰው ነው። በጨርጨር ተራራዎች ላይ የአገሩ ሰው ዳጋ ቱሊ የሚላቸው የድንጋይ ክምሮች አሉ። አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ ዡሶም የተባለውም ሊቅ በ1970ዎቹ መርምረዋቸዋል። የተገኘው የሰው አፅም፣ ሸክላና ጨሌ ነው፤ መቃብር ናቸውና። ብር ፈላጊው ግን ይህን አያውቅም፤ ቢነገረውም አይቀበልም። ክምሩን ይንደዋል፤ አፅሙን በአካፋ ይበትነዋል፤ ሸክላውን ሰባብሮ ይጥለዋል፤ ባዶ እጁንም ይመለሳል። የገዛ አባቱን መቃብር የቆፈረበትን ሰው በድንጋይ የሚያባርር ሰው፣ የቀደሙትን ሰዎች መቃብር ሲያርስ ለምን አያፍርም?

ሐርላን በሚመለከት በእርግጥ ሀብት ተገኝቷል፤ ሀብቱ ግን የምን ዓይነት እንደ ሆነ እንመልከት። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐርላ በምትባለው መንደር ገበሬዎች ሲያርሱ የቻይና ሳንቲም ሳይቀር ያገኙ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ቲሞቲ ኢንሶል የተባለ የእንግሊዝ አገር የአርኬዎሎጂ ሊቅ ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆኖ ቁፋሮ ጀመረ፤ ውጤቱም በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ የጌጥ ሠራተኞች መሥሪያ ቤት፣ ከሩቅ አገር የመጣ ብርጭቆና ጨሌ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ የብርና የነሐስ ሳንቲም ተገኘ። አፅሞቹም ሲመረመሩ የግዙፍ ሰው ሳይሆኑ እንደ እኔና እንደ አንተ ያሉ የተራ ሰው አፅሞች ሆኑ። ሐርላ ግዙፍ አልነበሩም፤ ሠራተኞች ነበሩ። ድንጋዩን ያነሡት በቁመት ሳይሆን በመተባበር ነው። ከቻይናና ከግብፅ ጋር የተገናኙትም ጕድጓድ በመቆፈር ሳይሆን በመነገድ ነው። ይህን የነገረን አፈሩ ነው፤ አፈሩም ሊነግረን የቻለው በድጅኖ የሚንደው ሰው ስላልቀደመው ነው። አንድ ሳንቲም በተኛበት ስፍራ ሲገኝ ታሪክ ይናገራል፤ ከስፍራው ተነቅሎ በኪስ ሲገባ ግን ድዳ ይሆናል።

በ1932 ዓ.ም. አካባቢ በደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ የሚበልጥ በሕንድ አገር የኩሻን ነገሥታት ያስመቱት የወርቅ ሳንቲም ተገኝቶ ነበር። ይህ የሚያስደንቅ ግኝት ነው፤ አክሱማውያን አባቶቻችን ከሕንድ ጋር ምን ያህል እንደ ተዋወቁ የሚመሰክር ነው። ግን ሳንቲሞቹ ተበታተኑ፤ ዛሬ በአንድ ስፍራ ሰብስቦ የሚያሳየን የለም። የተገኘ ሀብትም እንኳ ጠባቂ ከሌለው እንደ ገና ይጠፋል ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለረጅም ዘመን ተቀብሮ ባለቤት የሌለው ሀብት ሲገኝ ለአግኚው ወሮታ እንዲከፈለው ያዛል፤ የጥንት ቅርስን ግን ለልዩ ሕግ ይተወዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘውም ሰው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ስለዚህ በሌሊት ባትሪ ይዞ የሚቆፍረው ሰው ሀብታም ለመሆን ሳይሆን ወንጀለኛ ለመሆን የሚደክም ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋት ግን በሰው ልብ ላይ የሚደርሰው ነው። በየከተማችን ከድህነት ተነሥቶ የከበረ አንድ ሁለት ነጋዴ አይጠፋም። እርሱ ለሠላሳ ዓመት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቷል፤ በፍየል ንግድ ከስሮ እንደ ገና ቆሟል፤ ሱቁን በጭቃ ቤት ጀምሮ በብሎኬት ጨርሷል። ሰው ግን በበርጫ ላይ ተቀምጦ «እርሱማ ጠገራ አግኝቶ ነው» ይላል። ይህ ቃል ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት ሰው ይገድላል። የነጋዴውን ድካም ይሰርቀዋል፤ የሚሰማውንም ወጣት ክንድ ይሰብረዋል። ልጁ «ሰው የሚከብረው በሥራ ካልሆነ እኔ ለምን እደክማለሁ? ጕድጓዴን ልፈልግ እንጂ» ብሎ ያስባል። የተቀበረ ብር ተረት ክፋቱ በዚህ ላይ ነው፤ ሀብት ከላብ ሳይሆን ከጕድጓድ ይወጣል ብሎ ያስተምራል። እኛ አስተማሪዎች በቀን ያስተማርነውን እርሱ በማታ ያፈርሰዋል።

እንግዲህ ከዚህ ፍለጋ የሚያተርፈው ማን ነው? ካርታ ሻጩ ያተርፋል፤ እርሱ በቡና የነከረውን ወረቀት «የጣልያን መኰንን የሳለው» ብሎ ይሸጣል። ጠንቋዩ ያተርፋል፤ «ብሩን የሚጠብቅ መንፈስ አለበትና ጥቁር በግ ይታረድ» ይላል፤ ሥጋውንም የሚበላው መንፈሱ ሳይሆን ጠንቋዩ ነው። መሣሪያ አከራዩ ያተርፋል፤ ብር ተገኘም አልተገኘም ኪራዩን አስቀድሞ ይቀበላል። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም እንኳ ራሱ ሲቆፍር አይታይም። እስቲ አስቡት፤ ብሩ ያለበትን ስፍራ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ካርታውን በጥቂት መቶ ብር ለሌላ ይሸጣልን? ድጅኖውን የሚያነሣው፣ በፀሐይ የሚጠበሰው፣ ጕድጓድ ሲናድ ሥሩ የሚገኘው ግን ድኻው ነው።

ከእነዚህም የሚብስ አለ። በከተማ የተቀመጠ ባለገንዘብ ለአራት ወጣት የዐሥር ቀን ስንቅ ገዝቶ «ካገኛችሁ እኩል እንካፈላለን» ብሎ ወደ በረሃ ይልካቸዋል። ያው ሰው እነዚያን አራት ወጣቶች በቀን ደመወዝ አንድ ወር ቀጥሮ ያሠራ እንደ ሆነ ቢጠየቅ «ገንዘብ የለኝም» ይላል። ለተረት ስንቅ አለው፤ ለሥራ ግን ደመወዝ የለውም። ሥራ ያጣ ወጣት ተራራ ቢወጣ በደሉ የእርሱ ብቻ አይደለም። ዋናው በደል የእርሱን ጉልበት በርካሽ ዕጣ አድርጎ የሚጥለው ሰው ነው።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ብለው ይከራከሩኛል፤ «ተራራ መውጣት ለጤና ይጠቅማል፤ ከመጠጥና ከጫት ይሻላቸዋል፤ ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። ተራራ መውጣት በእርግጥ ይጠቅማል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ፀሐይ ሳይበረታ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪያችን በየቅዳሜው ተራራ ያወጡን ነበር፤ የምንይዘው ግን ደብተር ነበር። የዛፉን ስም ከእረኛው ጠይቀን እንጽፋለን፤ የድንጋዩን ዓይነት እንለያለን፤ የወፉን ድምፅ እንሰማለን። ተራራውም ሁልጊዜ የምንፈልገውን ይሰጠን ነበር፤ የምንፈልገው ያለውን ነበርና። ብር ፈላጊው ግን ግራሩን አያይም፤ የአሰቦትን ተራራ ከበስተ ምሥራቅ ሲነጋበት አያይም፤ የሚያየው ከእግሩ ሥር ያለውን አፈር ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ውበት መካከል አልፎ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ይመለሳል። ይህ የእግር ጉዞ አይደለም፤ በእግር የሚጫወቱት ቁማር ነው።

ሌሎች ደግሞ «ድኻ ተስፋ ከሌለው ይሞታል፤ ተስፋውን አትንጠቁት» ይላሉ። እኔ የምለው ተስፋው ይነጠቅ አይደለም፤ ይለወጥለት ነው። የሐሰት ተስፋ እንደ ጨው ውሃ ነው፤ በጠጡት መጠን ያስጠማል። ትናንት ያላገኘ ሰው «ዛሬ ባቆም ነገ ሊገኝ የነበረው ይቀርብኛል» እያለ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ዐሥር ቀን ዐሥር ወር ይሆናል፤ ዐሥር ወርም ዕድሜ ይሆናል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ዓለምም አለ። በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ስዊፍት የተባለ ሰው ደብቆት ቀረ የሚሉት የብር ማዕድን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተፈልጎ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያው አገር ፎረስት ፌን የተባለ በሥዕልና በቅርስ ንግድ የከበረ ሽማግሌ፣ ወርቅና ጌጥ የሞላበት ሣጥን በሮኪ ተራራዎች ውስጥ ሸሽጎ በ2003 ዓ.ም. ፍንጩን በመጽሐፍ አወጣ። ይህ ሣጥን ተረት አልነበረም፤ በ2012 ዓ.ም. አንድ ሰው አግኝቶታል። እስኪገኝ ድረስ ግን ሊፈልጉት ከወጡት መካከል ቢያንስ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ልብ በሉ፤ በእርግጥ የነበረው ሀብት አንድ ሰው አበልጽጎ አምስት ሰው ከገደለ፣ ያልነበረው ሀብትማ ማንን ያበለጽጋል?

ወንጌልን ያነበበ ሰው መክሊቱን በመሬት ስለ ቀበረው አገልጋይ የተነገረውን ምሳሌ ያውቃል። በዚያ ምሳሌ የተመሰገኑት ነግደው ያተረፉት ናቸው፤ የተወቀሰው ቀባሪው ነው። ገንዘብ መቅበር ራሱ ስንፍና ከሆነ፣ ሌላው ቀበረው የተባለውን ፍለጋ ዕድሜ መጨረስ ምን ሊባል ነው? ይህም የክርስቲያን ብቻ ትምህርት አይደለም፤ በዚህ አገር ያሉ የእስላም ሽማግሎችም በላብ የተገኘውን እንጀራ ያከብራሉ፤ የሙታንን አፅም የሚያውከውንም ይጠየፋሉ።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። እናቶች ሆይ፤ ድሪያችሁን ለማንም መሣሪያ ኪራይ አትስጡ፤ የተባለው ብር እርሱ ነው። ሽማግሎች ሆይ፤ በበርጫና በቡና ላይ የጠገራ ተረት ስታወሩ ልጆች እንደሚሰሙ አትርሱ፤ ብታወሩም መጨረሻውን አውሩላቸው፤ ስንቱ ፈልጎ ስንቱ እንዳጣ ንገሩአቸው። ባለገንዘቦች ሆይ፤ ስንቅ ልታቀርቡ ከወደዳችሁ ለሚያርስ፣ ለሚያረባ፣ ለሚነግድ አቅርቡ። በጠዋት ተነሥታ የግመል ወተት በመንገድ ዳር የምትሸጥ ሴት ከእናንተ ጥቂት ገንዘብ ብትበደር ዕቃዋን ታሻሽላለች፤ ብድሩንም ትመልሳለች። ተራራው ግን የተበደረውን አይመልስም።

ወጣቶች ሆይ፤ ለእናንተም አንድ የሒሳብ ጥያቄ ልስጣችሁ። ከከተማችን በላይ ባለው አንድ ጉብታ ላይ ብር ፈላጊዎች የቆፈሩትን ዐሥራ አንድ ጕድጓድ ቆጥሬአለሁ። እያንዳንዱ ጕድጓድ ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም ሁለት ሁለት ሜትር ነው ብንል የአንዱ ይዘት 8 ሜትር ኩብ፣ የሁሉም 88 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በውሃ ሲለካ 88 ሺህ ሊትር፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን ደግሞ 4 ሺህ 400 ጀሪካን ነው። በቦርደዴ የበጋ ውሃ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ አፈር የወጣው በእናንተው ክንድ ነው፤ ድጅኖውም ያው ድጅኖ ነው። ያው ቁፋሮ የዝናም ጎርፍ በሚወርድበት ስፍራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ኵሬ ነበራችሁ፤ ፍየሉም ይጠጣ ነበር፤ ሽንኵርቱም ይበቅል ነበር።

ምድር ያልሰጧትን አትመልስም። ዘር የሰጣት እህል ይቀበላል፤ ኵሬ የቆፈረላት ውሃ ይቀበላል። ምንም ሳይሰጣት ብር የሚጠይቃት ግን ጕድጓዱን ብቻ ትቶለት ትቀራለች፤ ጕድጓዱም ሌሊት ለሚያልፈው መንገደኛ ወጥመድ ይሆናል።